የአርክቲክ ደለል የያዘው ታሪክ፦ የበረዶና የውቅያኖስ ጅረቶች ቅኝት

በረዶ ሲቀልጥ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውም ከባሕሩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የነበረን የባሕር በረዶ ታሪክ መጻፍ የማይሞከር ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በረዶ ባዶ እጁን አይጓዝም። ከዳርቻ አሸዋና ጭቃ፣ ከተራራ ጠጠርና ቋጥኝ ይዞ ይነሣል፤ በታችኛው ገጹ ላይም በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይራባሉ። የሚቀልጥበት ቦታ ሲደርስ የተሸከመውን ሁሉ ያራግፋል። የተራገፈው ነገር ውኃውን ሰንጥቆ ከወለሉ ያርፋል፤ በላዩም ሌላ ይደረብበታል። በውቅያኖሱ ውስጥ የሚጓዙት ጅረቶች ደግሞ ከዚህ ደለል ደቃቁን ያነሣሉ፣ ያንከራትታሉ፣ በደከሙበት ያስቀምጡታል። የአርክቲክ ውቅያኖስ ወለል እንግዲህ የሁለቱንም ሥራ በአንድ ላይ ይዟል።

ይህ ቅኝት የምርምሩን አጀማመር ካየ በኋላ ከ55 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው በረዶ አልባ አርክቲክ ተነሥቶ እስከ ሳተላይት ዘመን ይዘልቃል። በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገለጣል፦ የበረዶው ታሪክና የጅረቶቹ ታሪክ ተነጣጥለው ሊተረኩ አይችሉም። በረዶውን የሚወስነው በውቅያኖሱ በሮች የሚገባውና የሚወጣው ውኃ ነው፤ ጅረቱን የሚያበረታውና የሚያደክመው ደግሞ በረዶው ነው። ጥቃቅኑን ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ትተን ትልቁን ሂደት እንከተላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። አርክቲክ ከዓለም ውቅያኖሶች ትንሹ ሲሆን እስያ፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ከበውታል። ከሌላው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸው በሮችም ጥቂት ናቸው። በግሪንላንድና በስቫልባርድ ደሴቶች መካከል ያለው የፍራም ወሽመጥ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ብቸኛው ጥልቅ በር ነው፤ በሳይቤሪያና በአላስካ መካከል ያለው የቤሪንግ ወሽመጥ ግን ጥልቀቱ 50 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞቅ ያለና ጨዋማ የአትላንቲክ ውኃ በፍራም ምሥራቃዊ ጎንና በባረንትስ ባሕር በኩል ይገባል፤ በፍራም ምዕራባዊ ጎን ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃና ተንሳፋፊ በረዶ ይወጣል። በዚህ ላይ የሳይቤሪያ ታላላቅ ወንዞች፣ ኦብ፣ የኒሴይና ሌና፣ ይጨመሩበታል። የዓለም ወንዞች ወደ ባሕር ከሚያፈስሱት ውኃ አንድ አሥረኛ ያህሉ የሚገባው ከዓለም የውቅያኖስ ውኃ አንድ መቶኛውን ያህል ብቻ ወደያዘው ወደዚህ ውቅያኖስ ነው። ጨው አልባው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሞቃቱ የአትላንቲክ ውኃ ከሥሩ ይቀራል። በረዶው የሚረጋው በዚህ ቀዝቃዛ ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ ቢነሣ ከሥር የተቀመጠው ሙቀት በረዶውን ሁሉ ለማቅለጥ ይበቃል።

ደለሉ የሚናገርባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከየትኛውም የብስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በደቃቅ ጭቃ መካከል ጠጠር ከተገኘ፣ ያንን ጠጠር ወደዚያ ሊያደርሰው የሚችለው በረዶ ብቻ ነው። የጠጠሩ የማዕድን ዓይነት ከየትኛው ዳርቻ እንደተነሣ ያመለክታል። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ደቂቅ የባሕር ፍጥረታት በኖራ ቅርፊታቸው ውስጥ ከባዱንና ቀላሉን ኦክስጅን በልዩ ልዩ መጠን ያስቀራሉ፤ ልዩነቱ የውኃውን ሙቀትና በየብስ ላይ የተከመረውን በረዶ መጠን ያሳያል። የጅረቱ ፍጥነት ደግሞ ከደለሉ ቅንጣት መጠን ይነበባል፤ ዓባይ በክረምት ሲሞላ ድንጋይ እንደሚያንከባልል፣ ሲሰክን ደግሞ ልሙን ጭቃ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚሄድ ጅረትም ሲፈጥን ሻካራውን ትቶ ደቃቁን ይዞ ይሄዳል፣ ሲደክም ደቃቁንም ይጥላል።

የምርምሩ መነሻ የኖርዌጁ ተጓዥ ፍሪትዮፍ ናንሰን ነው። ጃኔት የተባለች መርከብ በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተደፍጥጣ ሰጠመች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስብርባሪዋ በግሪንላንድ ዳርቻ ተገኘ። ናንሰን ከዚህ ተነሥቶ በረዶው ከሳይቤሪያ ወደ ግሪንላንድ ዋልታውን አቋርጦ ይጓዛል ብሎ ደመደመ። ፍራም የምትባል ጠንካራ መርከብ አሠርቶ በ1893 ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛት፤ መርከቢቱም ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈች በ1896 በስቫልባርድ አጠገብ ነጻ ወጣች። በዚያን ጊዜ ብዙዎች አርክቲክን ጥልቀት የሌለው ባሕር አድርገው ያስቡት ነበር። የናንሰን ባልደረቦች ይዘውት የሄዱት የመለኪያ ገመድ ስላልደረሰላቸው የመርከቢቱን የብረት ገመድ ፈትተው፣ ቀጥለው፣ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ለኩ። ከቀዝቃዛው የላይኛ ውኃ ሥር ሞቃት የአትላንቲክ ውኃ እንዳለም አገኙ። የዚያ ጉዞ ትልቁ ፍሬ፣ በእኔ ዕይታ፣ ወደ ዋልታው መቅረቡ ሳይሆን ይህ ግኝት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአርክቲክን በረዶ ከሥሩ ካለው ጅረት ለይቶ ማሰብ አልተቻለም።

ቀጣዩ ምዕራፍ በተንሳፋፊ ጣቢያዎች ይታወቃል። ሶቪየት ኅብረት በ1937 የመጀመሪያውን የሳይንስ ጣቢያ በዋልታው በረዶ ላይ አሰፈረች፤ በ1948 የሶቪየት ተመራማሪዎች ውቅያኖሱን ለሁለት የሚከፍለውን የሎሞኖሶቭን ሸንተረር አገኙ። አሜሪካውያን ደግሞ ከ1952 ጀምሮ ቲ-3 በተባለች ተንሳፋፊ የበረዶ ደሴት ላይ ተቀመጡ፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከዚያች ደሴት ወደ ታች ቱቦ እየላኩ ከ500 በላይ የደለል ዓምዶችን አወጡ። በዚሁ ዘመን ስዊድናዊው ቦርየ ኩለንበርግ በ1940ዎቹ የሠራው ባለ ፒስተን ቱቦ ከ15 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ደለል ሳይዛባ ማውጣት ስላስቻለ፣ በሌሎች ውቅያኖሶች ምርምሩ ፈጥኖ ሄደ። ቼዛሬ ኤሚሊያኒ በ1955 ከካሪቢያንና ከአትላንቲክ ዓምዶች የዘመነ በረዶዎችን መፈራረቅ አሳየ። ጄምስ ሄይስ፣ ጆን ኢምብሪና ኒኮላስ ሻክልተን በ1976 ያ መፈራረቅ ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ካሰላው የምድር ምሕዋር ለውጥ ጋር እንደሚገጥም አረጋገጡ።

አርክቲክ ግን ወደኋላ ቀረ። ምክንያቱ የዕድሜ ጉዳይ ነበር። በአርክቲክ ደለል ውስጥ የኖራ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሌሎች ባሕሮች የሚሠራው የዕድሜ መቁጠሪያ እዚህ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች በደለሉ ውስጥ የተቀረጸውን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ተከትለው፣ ደለሉ በሺህ ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሚከመር ደመደሙ። በዚህ ስሌት ጥቂት ሜትር የሚረዝም ዓምድ ሚሊዮን ዓመታትን ይሸፍናል። ሌሎች ደግሞ አይደለም፣ በሺህ ዓመት ሴንቲ ሜትር ይከመራል አሉ። ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ስለሆነ የአርክቲክ ታሪክ በሙሉ በሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መልሱ የመጣው ከቀለም ነው። በዓምዶቹ ላይ ቡናማና ገረጣ ንብርብሮች ይፈራረቃሉ፤ ቡናማው ማንጋኒዝ የበዛበት ነው። ማንጋኒዝ በሞቃት ዘመን ከወንዞችና ከዳርቻዎች በብዛት ይገባል፤ በዘመነ በረዶ ግን ወንዞቹም ስለሚደክሙ ይቀንሳል። ማርቲን ያኮብሶንና ባልደረቦቹ በ2000 እነዚህን የቀለም ዑደቶች ከታወቁት የዘመነ በረዶ ዑደቶች ጋር አገጣጥመው ሴንቲ ሜትር ያሉት ትክክል መሆናቸውን አመለከቱ። ለብዙዎች አሰልቺ የሚመስል የቁጥር ጉዳይ ነው፤ ግን ይህ ባይፈታ ኖሮ ከዚህ በታች የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ ቀን አይኖረውም ነበር።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በ2004 ነው። ሦስት በረዶ ሰባሪ መርከቦች ወደ ሎሞኖሶቭ ሸንተረር ተጓዙ። የሩሲያው ኑክሌር መርከብ ሶቭየትስኪ ሶዩዝና የስዊድኑ ኦደን ከፊት ሆነው የሚመጣውን በረዶ ይሰባብራሉ፤ መቆፈሪያ የተተከለባት ቪዳር ቫይኪንግ በተሰባበረው በረዶ መካከል ቦታዋን ሳትለቅ ትቆፍራለች። ከዋልታው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ውኃ ሥር፣ 428 ሜትር ወደ ወለሉ ገቡ። ካትሪን ሞራንና ያን ባክማን የመሩት ይህ ጉዞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአርክቲክን የታወቀ ታሪክ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ወደ 55 ሚሊዮን ዓመታት አሰፋው። እስከዚህ ያለው የምርምሩ መንገድ ነው፤ አሁን ደለሉ ራሱ ወደሚተርከው ታሪክ እንሻገር።

በዓምዱ ታችኛ ክፍል ያለው አርክቲክ ከዛሬው ጋር ምንም አይመሳሰልም። ከ55 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዓለም በድንገት ስትሞቅ በዋልታው አካባቢ የባሕሩ ገጽ ሙቀት ከ18 ወደ 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ አለ፤ በሞቃት ባሕር የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎችም ዋልታው ድረስ ደረሱ። ከዚያም፣ ከ49 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ደለሉ በአዞላ ቅሪት ይሞላል። አዞላ በጣፋጭ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ የፈርን ዝርያ ነው። በውቅያኖስ መካከል መገኘቱ አንድ ነገር ይናገራል፦ ያኔ የአርክቲክ በሮች ከሞላ ጎደል ተዘግተው ነበር፤ የዝናብና የወንዝ ውኃ በጨዋማው ላይ ተንጣልሎ ተቀምጦ ነበር። አዞላው 800 ሺህ ዓመት ያህል እየተመላለሰ የባሕሩን ገጽ ሸፈነ። ከሥሩ ያለው ውኃ ኦክስጅን ስላልነበረው የሞተው ተክል ሳይበሰብስ ተቀበረ።

ከዚህ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከ46 ሚሊዮን ዓመት በፊት በተከመረው ንብርብር ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች ይታያሉ። ከዚህ ቁፋሮ በፊት የሰሜኑ በረዶ ከደቡቡ እጅግ ዘግይቶ እንደመጣ ይታመን ነበር፤ ታላቁ የአንታርክቲካ በረዶ የተገነባው ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። የአርክቲክ ጠጠሮች ይህን ቅደም ተከተል አናወጡት። በዚያው ዘመን ደለል ውስጥ ከባሕር በረዶ ጋር የሚኖሩ፣ ዲያቶም የሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች ቅሪት መገኘቱም ጠጠሮቹ ብቻቸውን እንዳልቆሙ አሳየ። ያ የመጀመሪያ በረዶ በክረምት የሚመጣ፣ በበጋ የሚሄድ ቀጭን በረዶ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይቋረጣል። ከ44 እስከ 18 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ በዓምዱ ውስጥ የለም፤ ወይ ደለሉ አልተከመረም፣ ወይ ጅረት ጠርጎታል። 26 ሚሊዮን ዓመት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያውም ዓለም ከሙቀት ወደ በረዶ የተሸጋገረችበት ወሳኙ ጊዜ። ሌሎች ተመራማሪዎች በኦስሚየም ንጥረ ነገር ለክተው ክፍተቱ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው ይላሉ። የትኛውም ይሁን፣ ከክፍተቱ በላይ ያለው ደለል ሌላ ዓለም ነው። ጥቁር የነበረው ጭቃ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ኦክስጅን ያለው ውኃ ወደ ጥልቁ ደርሷል። በመጀመሪያው የዕድሜ ስሌት ይህ የሆነው ከ17.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ምክንያቱም ግሪንላንድና ስቫልባርድ ተራርቀው የፍራም ወሽመጥ መስፋቱና መጥለቁ ነው። አርክቲክ ከታሸገ ሐይቅ መሰል ባሕር ወደ እውነተኛ ውቅያኖስ የተለወጠው በአንድ በር መከፈት ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ መቼ መጣ? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በቀላልነቱ ያስደንቃል። በሎሞኖሶቭ ሸንተረር ላይ የተገኙት የብረት ማዕድን ቅንጣቶች ከየትኛው ዳርቻ እንደመጡ ተለየ፤ ከዚያ ዳርቻ እስከ ሸንተረሩ በረዶ ለመንሳፈፍ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ቅንጣቶቹን የተሸከመው በረዶ ቢያንስ አንድ በጋ ሳይቀልጥ አልፏል። በዚህ አካሄድ ዘላቂው በረዶ ወደ 14 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ሆኖም ሩዲገር ስታይንና ባልደረቦቹ በ2016 ከዚያው ሸንተረር ባወጡት ደለል ከ10 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ክፍት የበጋ ባሕር እንደነበር አሳዩ። ሁለቱ ግኝቶች የሚጣሉ አይመስለኝም፤ በረዶው መጥቶ የቀረ ሳይሆን ለሚሊዮን ዓመታት እየመጣና እየሄደ የኖረ ነው።

ከ2.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነገሩ ይለወጣል። በኖርዌይ ባሕር፣ በሰሜን አትላንቲክ፣ በሰሜን ፓሲፊክም ጭምር ጠጠር በአንድ ጊዜ በብዛት መውረድ ይጀምራል። ግሪንላንድ፣ ስካንዲኔቪያና ሰሜን አሜሪካ ግዙፍ ግግር በረዶ ተሸከሙ፤ የግግሩ ጫፍ ወደ ባሕር እየተገመሰ ተንሳፋፊ ተራራ ሆነ። ከዚህ ወዲህ ያለው ዘመን የዘመነ በረዶና የሞቃት ጊዜ መፈራረቅ ነው፤ መጀመሪያ በ41 ሺህ ዓመት፣ ኋላ ደግሞ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ።

በነዚህ ዘመኖች በረዶው ምን ያህል ገዝፎ እንደነበር ወለሉ ራሱ ይመሰክራል። በሎሞኖሶቭ ሸንተረር ላይ፣ ከባሕር ገጽ 1,000 ሜትርና ከዚያም በታች፣ የታረሱ ቦዮች አሉ። ቦዮቹን ያረሰው በረዶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ውፍረቱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ኦደን በ2014 ባደረገችው ጉዞ የተገኙት ዱካዎች ከ140 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ግዙፍ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ አርክቲክን ሸፍኖ እንደነበር አጠናከሩ። በ2021 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ከዚህ የደፈረ ሐሳብ አቀረቡ። በባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟ ዩራኒየም አለ፤ ከሱ የሚወለደው ቶሪየም ወደ ወለል ይወርዳል። በአንዳንድ ንብርብሮች ቶሪየሙ የለም። ስለዚህ በእነዚያ ጊዜያት አርክቲክ ጨው አልነበረውም፣ በወፍራም በረዶ ሥር የታሸገ ጣፋጭ ውኃ ነበር አሉ። ሌሎች ባለሙያዎች በጽኑ ተቃወሟቸው፤ በዚያው ዘመን በተከመረ ደለል ውስጥ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ይገኛልና። ተቃውሞው የሚያመዝን ይመስለኛል፤ ሐሳቡ ግን ብዙዎች ደለሉን እንደገና እንዲለኩ አስገድዷል።

አሁን የበረዶውና የጅረቱ ግንኙነት ፍጹም ጎልቶ ወደሚታይበት ክፍል ደርሰናል። ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪክ በ1988 ከሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ባወጣቸው ዓምዶች ውስጥ ስድስት እንግዳ ንብርብሮችን ገለጸ። በእነርሱ ውስጥ የፎራሚኒፌራ ቅርፊት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ቦታውን የድንጋይ ቅንጣት ይይዘዋል። ንብርብሮቹ በመጨረሻው ዘመነ በረዶ ውስጥ፣ ከ60 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት በፊት፣ ከ7 እስከ 10 ሺህ ዓመት ባለው ልዩነት ይመላለሳሉ። ወደ ካናዳ ሲጠጉ እየወፈሩ፣ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እየሳሱ ይመጣሉ፤ በውስጣቸው ያለው የኖራ ድንጋይም ከሃድሰን ወሽመጥ የመጣ ነው። ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግግር በየጊዜው እየተንሸራተተ የበረዶ ተራራ ሠራዊት ወደ አትላንቲክ ይለቅ ነበር ማለት ነው፤ ይህም የሃይንሪክ ክስተት ይባላል።

ያ ሁሉ በረዶ ሲቀልጥ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ጨው አልባ ውኃ ተንጣለለ። በተለመደው ጊዜ እዚያ የሚደርሰው ጨዋማ ውኃ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ በፋንታው ሞቃት ውኃ ከደቡብ ይሳባል። ዋላስ ብሮከር በ1980ዎቹ ይህን ዝውውር ዓለምን የሚያገናኝ አንድ ትልቅ ሥርዓት አድርጎ አቀረበው፤ ጣፋጭ ውኃ ከላይ ቢጋረድበት ሊቆም እንደሚችልም አስጠነቀቀ። ማስረጃው በ2004 ከቤርሙዳ አካባቢ ደለል መጣ። ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ የፕሮታክቲኒየምንና የቶሪየምን መጠን አነጻጽረው፣ ከ17,500 ዓመት በፊት ገደማ፣ በመጨረሻው የሃይንሪክ ክስተት ጊዜ፣ ጥልቁ ዝውውር ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር ብለው ደመደሙ። ከ12,900 ዓመት በፊት በጀመረው አጭር የብርድ ዘመን ደግሞ እንደገና ደከመ።

የዚህ ነገር ጥላ እስከ እኛ ሀገር ደርሷል። በጣና ሐይቅ ወለል ላይ የተደረገ ቁፋሮ፣ በ2007 እንደታተመው፣ በዚያው የሃይንሪክ ክስተት ጊዜ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር አሳየ። ከታች የደነደነ ደረቅ ደለልና የደንገል ረግረግ ቅሪት አለ፤ ከላይ የሐይቅ ጭቃ። ዓባይ ከጣና እንደገና መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ ይገፋል፣ ክረምቱም ይሳሳል፤ ከካናዳ የተገመሰ በረዶና የጎጃም ዝናብ በአንድ ገመድ ተያይዘዋል። በስምጥ ሸለቆም ያኔ የወጡትና የወረዱት ሐይቆች ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከዚያ በኋላ በመጣው እርጥብ ዘመን ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። የአርክቲክን ደለል የሚመለከት ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ሰው ጉዳይ እያነበበ አይደለም።

ባለፉት 11,700 ዓመታት ታሪኩ ረጋ ይላል። በዚህ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ ከፍ ያለው ባሕር የቤሪንግን የብስ ዋጠው፤ ሁለተኛው በር ተከፈተ፣ የፓሲፊክ ውኃም ገባ። የዚህን ዘመን በረዶ በቅርበት ለማየት ያስቻለው መሣሪያ የተገኘው በ2007 ነው። በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ቤልትና ባልደረቦቹ በባሕር በረዶ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ዲያቶሞች ብቻ የሚሠሩት፣ 25 የካርቦን አቶሞች ያሉት ቅባት በደለል ውስጥ ለሺህ ዓመታት እንደሚቆይ አሳዩ። ቅባቱ ካለ የበልግ በረዶ ነበር። ከሌለ ግን ወይ በረዶ አልነበረም፣ ወይ በረዶው ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራምና ዘላቂ ነበር፤ ይህን ለመለየት በክፍት ውኃ የሚኖሩ አልጌዎች ቅሪት አብሮ ይለካል። በዚህ መንገድ ከ10 እስከ 6 ሺህ ዓመት በፊት፣ የበጋው ፀሐይ በምሕዋር ምክንያት በበረታበት ጊዜ፣ በረዶው ከኋለኛው ዘመን ያነሰ እንደነበር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እስከ ቅርብ መቶ ዓመታት እንደጨመረ ታውቋል።

የቅርቡ ንብርብር ይህን አዝማሚያ ገልብጦታል። በ2011 የታተመ ጥናት በፍራም ወሽመጥ የሚገባው የአትላንቲክ ውኃ ባለፉት 2,000 ዓመታት ዛሬን ያህል ሞቆ እንደማያውቅ ከደለሉ ፎራሚኒፌራ አሳየ። ሳተላይቶች ተከታታይ ክትትል ከጀመሩበት ከ1979 ወዲህ የመስከረም ወር በረዶ ስፋት በጉልህ ቀንሷል፤ በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፣ ይህም በ1980ዎቹ ከነበረው ግማሽ ያህሉ ነው። ጅረቱስ? በአትላንቲክ መሃል የተተከሉት መለኪያዎች የጀመሩት በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው ረጅም ታሪክ ዋናው ምስክር ደለል ነው። በ2018 የወጣ ጥናት የቅንጣቶችን መጠን ለክቶ ዝውውሩ ባለፉት 150 ዓመታት ከቀደመው ዘመን የደከመ መሆኑን ገለጸ። ድካሙ መቼ እንደጀመረና ምን ያህሉ የሰው ሥራ እንደሆነ ክርክሩ አልተዘጋም።

ለዛሬው ሁኔታ የሚቀርበው ያለፈ አቻ ከ125 ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ሞቃት ጊዜ ነው። እዚያም ደለሉ ሁለት ነገር ይናገራል። የስታይን ቡድን በ2017 ከቅባቱ ተነሥቶ በውቅያኖሱ መሃል በረዶው ቢሳሳም በበጋ አልጠፋም አለ፤ በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በክፍት ውኃ የሚራባ የፎራሚኒፌራ ዝርያ ዋልታው አጠገብ በብዛት ስላገኘ በጋው በረዶ አልባ ነበር ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሕያው ፍጥረት ራሱ በስፍራው መገኘቱ ከቅባት መኖርና አለመኖር የጠነከረ ምስክር ነውና። ግን በዓምዶቹ ዕድሜ ላይ ያለው ጥርጣሬ ሳይወገድ ማንም ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

ስለዚህ ተጨማሪ ደለል ያስፈልጋል። የጠፋውን 26 ሚሊዮን ዓመት ፍለጋ በሎሞኖሶቭ ሸንተረር ላይ ለ2022 ታቅዶ የነበረው ሁለተኛ ቁፋሮ፣ የሩሲያና የምዕራባውያን የሳይንስ ትብብር በተቋረጠበት በዚያ ዓመት፣ ሳይካሄድ ቀረ፤ ለዘርፉ ትልቅ ኪሳራ ነው። በ2024 ግን ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው መቆፈሪያ መርከብ በመጨረሻው ጉዞዋ ከስቫልባርድ በስተምዕራብ፣ የአትላንቲክ ጅረት ከመረው ወፍራም የደለል ክምር ላይ ሠርታ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ዓምድ አወጣች። በየቤተ ሙከራው ምርመራቸው የተጀመረው እነዚህ ዓምዶች ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት፣ በፍራም በኩል የሚገባው ሞቃት ውኃ በበረታባቸው ጊዜያት ስቫልባርድንና ባረንትስን የሸፈነው ግግር በስንት ዓመት እንደፈረሰ ነው።